የዳክዬ ጫጩቷ ቅርፊቱን ከበሳች 29 ሰዓት ሆናት፣ ልርዳት ወይስ ልተዋት?

ጀማሪዋ (አዲስ አበባ)፣ ማታ 3:05

ወገኖች እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የዳክዬ እንቁላል ቤት ውስጥ በማሽን እየፈለፈልኩ ነው፣ የመጀመሪያዬ ነው። 12 እንቁላል አስገባሁ። በ10ኛው ቀን በሞባይል ባትሪ ሳያቸው 4ቱ ባዶ ስለነበሩ አወጣኋቸው፣ 8 ቀሩ። ዛሬ 28ኛ ቀናቸው ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ሦስቱ በሰላም ወጥተዋል። አራቱ ገና ምንም ምልክት የላቸውም። ያስጨነቀችኝ አንዷ ናት። ትናንት ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ቅርፊቱን በሳች፣ ደስ ብሎኝ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ቀዳዳው የሽንብራ ፍሬ አክሎ እዚያው ቆመ። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። የምንቃሯ ጫፍ ይታየኛል። ጠዋት ሳናግራት ጮክ ብላ ትመልስልኝ ነበር፣ አሁን ግን አልፎ አልፎ ቀጠን ያለ ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው።

ማሽኑ ሙቀት 37.6፣ እርጥበት 58 ይላል። እናቴ «ታፍና ልትሞትብሽ ነው፣ ላጪላትና አውጫት» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ እንዳትነኪ ብሎ ይጮህብኛል። እኔ መሀል ቆሜያለሁ። ምን ላድርግ?

የቢሾፍቱዋ (ቢሾፍቱ)፣ ማታ 3:18

እህቴ፣ መጀመሪያ እጅሽን ሰብስቢ። ክዳኑንም አትክፈቺ። 29 ሰዓት ለዶሮ ጫጩት ብዙ ነው፣ ለዳክዬ ግን ገና የሚያስደነግጥ አይደለም። ዳክዬ ከበሳች በኋላ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ሙሉ እንደዚያው ትቆያለች። ዝም ያለች ይመስልሻል እንጂ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሥራ ላይ ናት። እስከዛሬ የምትተነፍሰው ከቅርፊቱ ስር ባለው ስስ ሽፋን ላይ በተዘረጉት የደም ሥሮች ነበር፤ አሁን በሳንባዋ መተንፈስ እየለመደች ነው፣ ደሙም ከዚያ ሽፋን ቀስ በቀስ ወደ ሰውነቷ እየተመለሰ ነው። ሌላው፣ የተረፈውን አስኳል በእምብርቷ በኩል ወደ ሆዷ እየሳበች ነው። ሁለቱ ሳያልቁ ካወጣሻት ወይ ደሟ ይፈስሳል፣ ወይ አስኳሏ ውጭ ይቀራል።

ስለዚህ ሰዓቱን ተይውና ይሄን ንገሪኝ። በቀዳዳው ዙሪያ የሚታየው ሽፋን ምን መልክ አለው? ነጭና እርጥብ ነው ወይስ ደርቋል? ደም ታያለሽ? ቀዳዳው ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ጎን ዞሯል? የወጡትን ሦስቱን ለማውጣትስ ስንት ጊዜ ከፈትሽ? እርጥበቱ 58 ለዚህ ሰዓት ዝቅተኛ ነው፣ ቢያንስ 70 መድረስ አለበት። ለብ ያለ ውሃ በአየር መግቢያው በኩል ጨምሪ። በአንድ ጊዜ የምትከፍቺ ከሆነ ደግሞ ንጹህ ስፖንጅ አርሰሽ አስገቢ። ዋናው የውሃው ጥልቀት አይደለም፣ ለአየር የተጋለጠው ስፋቱ ነው።

ጀማሪዋ፣ ማታ 3:34

እግዜር ይስጥልኝ። ስፖንጁን አስገባሁ፣ 71 ደርሷል። ሽፋኑ ትናንት ነጭ ነበር፣ አሁን ዳር ዳሩ ወደ ቡናማ ሄዷል፣ የደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ነው የሚመስለው። ደም አላየሁም። ከሌላው ጫፍ ሽፋኑ ላባዋ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። እንቁላሉን እነዛ የወጡት ሲረግጡት ዞሮ ነበር፣ አሁን ቀዳዳውን ወደ ላይ አድርጌዋለሁ።

የከፈትኩትስ... ስድስት ሰባት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። አንዷ ስትወጣ አወጣኋት፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ሌላዋ መጣች፣ እንደገና ከፈትኩ። ይሄ ነው የጎዳት?

ሐይቅ ዳር (ባሕር ዳር)፣ ማታ 3:42

እህት፣ እኔ ባለፈው ዓመት የደረሰብኝን ልንገርሽ፣ እንዳይደርስብሽ። እንደ አንቺው አንዷ በስታ ቆመች። 18 ሰዓት ጠበቅሁ፣ አላስችል አለኝ። ቅርፊቱን በጥፍሬ እየላጥኩ ሄድኩ፣ በደንብ እየሄደልኝ መስሎኝ ነበር፣ ሽፋኑን ስስብ ግን ቀጭን ቀይ መስመር ብቅ አለ። ከዚያ መስመሩ ወደ ጠብታ ተለወጠ። በጥጥ ያዝኩት፣ አልቆመም። ሙሉዋን ሳወጣት ሆዷ ላይ አስኳሏ የጣት ጫፍ አክሎ ተንጠልጥሎ ነበር። እጄ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ሞተች። እስካሁን ያቺ ቢጫ ነገር ዓይኔ ላይ ናት።

መርዳት ክልክል ነው ማለቴ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ረድቼ ሁለቱም በሕይወት አሉ። ልዩነቱ ደም ሳይ ማቆሜ ነው። ደም ካየሽ ጨርሰሽ አቁሚ፣ መልሰሽ አስገቢ፣ ወደ አልጋሽ ሂጂ።

አባ ገበሬ (ደብረ ብርሃን)፣ ማታ 3:55

ልጆቼ፣ እኔ በማሽን አላውቅም። ዶሮ ስናስታቅፍ ነው የኖርነው፣ የዳክዬ እንቁላልም ለዶሮ አስታቅፌ አውቃለሁ። የታቀፈችን ዶሮ ማን ይረዳታል? የምትወጣው ትወጣለች፣ ያልቻለችው ትቀራለች። ቅርፊቱን መስበር ያቃታት ነገ ተነስቶ መሄድም ያቅታታል። ልጄ፣ ልብሽ እንዳይሰበር ብዬ ነው፣ ብትተያት ይሻላል ባይ ነኝ።

የቢሾፍቱዋ፣ ማታ 4:10

አባቴ፣ እርስዎ ያሉት በታቀፈች እናት ስር ልክ ነው። ግን እናትየዋ የምታደርገውን ማሽኑ አያደርግም። ዳክዬ ለጥቂት ጊዜ ተነስታ ውሃ ትገባለች፣ ሆዷ እርጥብ ሆኖ ተመልሳ እንቁላሉ ላይ ትተኛለች። ስትፈለፍል ደግሞ አትነሳም፣ ከስሯ ያለው እርጥበት አይወጣም። እኛ ግን ጫጩቷ ሽፋኑን በስታ ሳለ ክዳኑን ስንከፍት ያ እርጥብ አየር በአንዴ ወጥቶ ያልቃል፣ የአዲስ አበባ አየር ደግሞ በበጋ ምን ያህል ደረቅ እንደሆነ ያውቁታል። ሽፋኑ ይደርቅና እንደ ላስቲክ ሰውነቷ ላይ ይጠብቃል። ያኔ ጫጩቷ ደካማ ስለሆነች አይደለም የማትወጣው፣ መዞር ስለማትችል ነው። ጉልበት አላት፣ ግን ታስራለች። የእኛ ጥፋት የሆነውን እኛው ብናስተካክል ምን ይላል? እኔ እንዲህ ታስራ ያወጣኋት አንዲት አለች፣ አሁን ሦስተኛ ዓመቷን ይዛ እንቁላል እየጣለች ነው።

ጀማሪዋ፣ አንቺ የገለጽሽው ቡናማ የሽንኩርት ልጣጭ የሚመስለው ነገር ይሄው መድረቅ ነው። ስለዚህ ቀስ ብለሽ ትረጃታለሽ፣ ግን ማውጣት አይደለም፣ ማላላት ነው። እንዲህ አድርጊ።

ክፍሉን አሙቂ፣ መስኮት ዝጊ፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። የኮኮናት ዘይት ካለሽ በመዳፍሽ አሙቀሽ አቅልጪው፤ ከሌለሽ የፈላ ውሃ ቀዝቅዞ ለብ ሲል ይሠራል። በጆሮ ጥጥ ነክረሽ የደረቀውን ሽፋን ብቻ አርጥቢው። አፍንጫዋ ምንቃሯ ላይ ያሉት ሁለቱ ቀዳዳዎች ናቸው፣ እነሱ አካባቢ ጠብታ እንዳይሄድ፣ ታፍናለች። ሽፋኑ ሲርስ ግልጽ ይሆናል፣ ያኔ በስሩ ያለውን ታያለሽ። ቀይ የደም ሥር ካየሽ ሌላ ምንም ሳታደርጊ መልሺያት፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያህል ጠብቂ። የደም ሥር ከሌለ ከቀዳዳው ጀምረሽ በወፍራሙ ጫፍ በኩል፣ የአየር ክፍሉ ባለበት ብቻ፣ ቅርፊቱን በጥቂት በጥቂቱ እየቆነጠርሽ አንሺ። ከዚያ መልሺያት። ከ10 ደቂቃ በላይ ውጭ እንዳትቆይ።

ሐኪሟ (ሀዋሳ)፣ ማታ 4:25

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከላይ የተባለው ትክክል ነው፣ ሁለት ነገር ልጨምር። ሽፋኑን ካረጠብሽው በኋላ አፏን ተመልከቺ። እንደሚያኝክ ሰው አፏን ከፈት ዘጋ የምታደርግ ከሆነ ገና አስኳሏን እየጨረሰች ነው፣ አትቸኩዪ። ያ ሲያቆምና የደም ሥሮቹ ሲጠፉ ነው ጊዜው የሚደርሰው። ሌላው የድምፅ ጉዳይ ነው። ድምፅ መቀነስ ብቻውን አያስደነግጥ፣ ጫጩቶች ብዙ ይተኛሉ። ማሽኑን በጣትሽ ቀስ አድርገሽ ስትመቺ ከመለሰችልሽ ደህና ናት።

ጀማሪዋ፣ ሌሊት 6:10

አደረግኩት። እጄ ሲንቀጠቀጥ እናቴ ባትሪ ያዘችልኝ። ለፀጉሬ የምቀባውን የኮኮናት ዘይት ነው የተጠቀምኩት፣ ጠርሙሱ ውስጥ ረግቶ ነበር፣ መዳፌ ላይ ቀለጠ። ሽፋኑን ስቀባው መልኩ ተለወጠ፣ ቡናማው ጠፋና እንደ እርጥብ ወረቀት አሳላፊ ሆነ። ከዚያ አየኋቸው። ከምንቃሯ በስተግራ ሁለት ቀጫጭን ቀይ መስመሮች፣ አንዱ ቅርንጫፍ አለው። አፏንም ታኝካለች። እናቴ ራሷ «ተያት በቃ፣ መልሻት» አለች። መለስኳት።

አሁን ግን መብራት ሄደብን!! ጄኔሬተር የለንም። ምን ላድርግ?

ሐይቅ ዳር፣ ሌሊት 6:16

አይዞሽ። አትክፈቺው፣ ይሄ ዋናው ነው። በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሙዪ፣ ሦስት አራት አድርገሽ ማሽኑን ዙሪያውን አስደግፊ፣ በላዩ ጋቢ አልብሺው። የአየር ቀዳዳዎቹን ግን እንዳትሸፍኚ፣ የሚፈለፈሉ ጫጩቶች አየር በጣም ይፈልጋሉ። በዚህ ዕድሜ እንቁላሉ ራሱ ሙቀት ያወጣል፣ እንደ መጀመሪያው ሳምንት ቶሎ አይቀዘቅዝም። አንድ ሁለት ሰዓት ያለ ችግር ያልፋሉ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ቀይሪ።

ጀማሪዋ፣ ንጋት 11:40

መብራት 8 ሰዓት አካባቢ መጣ። ማሽኑ 34 ወርዶ ነበር፣ ተመልሷል። አልተኛሁም። አሁን አንድ ጊዜ ከፍቼ እንደገና በጆሮ ጥጥ አርጥቤ አየኋት። ቀዩ መስመር የለም! ሽፋኑ ንጹህ ነጭ ነው። ማኘክም አቁማለች። ምንቃሯን ወደ ላይ ትገፋለች ግን ጭንቅላቷ አይዞርም። ልቀጥል?

የቢሾፍቱዋ፣ ንጋት 11:48

ቀጥዪ። ቅርፊቱን ከቀዳዳው ተነስተሽ በዙሪያው እንደ ቆብ ጠርዝ አንሺ፣ ወፍራሙን ጫፍ ብቻ። ሽፋኑን ከምንቃሯ ላይ ወደ ኋላ አሽሺ፣ ጭንቅላቷ ነጻ ይሁን። ጭንቅላቷ ብዙ ጊዜ ክንፏ ስር ተወሽቆ ነው የሚገኘው፣ ከቻልሽ ክንፏን ሳትጎትቺ አንገቷን ብቻ አላልቺላት። ከዚያ እዚያ ላይ አቁሚ። የታችኛውን ግማሽ አትንኪ፣ እምብርቷ እዚያ ነው ያለው። ራሷ ገፍታ ትውጣ፣ ያ መግፋት ለእግሯም ጥሩ ነው። በአጋጣሚ ደም ብቅ ቢል ንጹህ ጥጥ አስደግፈሽ በቀስታ ያዢ፣ መልሺያት። ከወጣች በኋላ ከቅርፊቱ ጋር የሚያያይዛት ክር ብታዪ አትቁረጪው፣ ደርቆ በራሱ ይለቃታል።

ጀማሪዋ፣ ጠዋት 2:35

ወጣች!!! ጭንቅላቷን ነጻ ካደረግሁላት በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል እዚያው ቅርፊት ውስጥ ተኝታ ስታርፍ ነበር፣ የሞተች መስሎኝ ሦስቴ መስታወቱን መታ መታ አደረግሁ፣ ሦስቴም መለሰችልኝ። ከዚያ አንድ ጊዜ በእግሯ ገፋ አድርጋ ተንሸራታ ወጣች። ምንቃሯ ጫፍ ላይ ያቺ ነጭ ጠንካራ ጥርስ የመሰለች ነገር አለች፣ በሷ ነው ለካ ቅርፊቱን የምትበሳው። እምብርቷ ዝግ ነው፣ ትንሽ ቀይ ነጥብ ብቻ አለ። ደም የለም። እናቴ እልል አለች። አባ ገበሬ፣ እርስዎም እንኳን ደስ ያለዎት!

ግን አንድ እግሯ ወደ ጎን ይንሸራተታል። እና አራቱ ዝም ያሉትስ?

ሐኪሟ፣ ጠዋት 3:00

እንኳን ደስ ያለሽ። እግሯ ለብዙ ሰዓት ተጣጥፎ ስለቆየ ነው፣ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። የምትቆምበት ቦታ እንዳያንሸራትት፣ ጋዜጣ አታንጥፊ፣ ሸካራ ፎጣ ይሻላል። እስከ ነገ ካልተሻላት በጠባብ ፕላስተር ሁለቱን እግሮቿን በተፈጥሮ በሚቆሙበት ስፋት አያይዣቸው፣ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃታል።

ፀጉሯ እስኪደርቅ ማሽኑ ውስጥ ትቆይ። ለመጀመሪያው ቀን ምግብ ባትሰጪያት ችግር የለም፣ የሳበችው አስኳል ያቆያታል። ከዚያ ከእህቶቿ ጋር አድርጊያት፣ ለመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋቸዋል፣ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ትቀንሺያለሽ። ውሃቸው ምንቃራቸውንና አፍንጫቸውን ማጥለቅ እስኪችሉ ብቻ ይጥለቅ። እንዲዋኙ አትልቀቂያቸው። እናት ስለሌለቻቸው ላባቸው ዘይት የለውም፣ ይረጥቡና ይቀዘቅዛሉ። የዶሮ ጫጩት መኖ ከሰጠሻቸው ለዳክዬ የሚበቃ ናያሲን የሚባለው ቫይታሚን ላይኖረው ይችላል፣ እሱ ሲያንስ እግራቸው ይወላገዳል። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ቫይታሚን ቢ ኮምፕሌክስ ገዝተሽ ውሃቸው ላይ ጨምሪ፣ መጠኑን እነሱ ይነግሩሻል።

አራቱን በጨለማ በባትሪ እያቸው። በወፍራሙ ጫፍ ባለው የአየር ክፍል ውስጥ የምንቃር ጥላ ካየሽ ወይም ጆሮሽ ላይ ስታደርጊው መታ መታ ካሰማሽ የውስጡን ሽፋን በስታለች ማለት ነው። እንዲህ ሆና 24 ሰዓት አልፏት የውጩን ቅርፊት ካልበሳች፣ በአየር ክፍሉ አናት ላይ በተጠረገ መርፌ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ብቻ ክፈቺላት፣ አየር እንድታገኝ። ከዚያ ተያት።

ጀማሪዋ፣ ከሁለት ቀን በኋላ

ላሳውቃችሁ ነው። ከአራቱ አንዱ ላይ ጥላ አይቼ ነበር፣ ሰዓቱን ጻፍኩ፣ 24 ሰዓት ሳይሞላት ራሷ ቅርፊቱን በስታ ትናንት ማታ ወጣች። እሷን እጄ አልነካትም። ሦስቱ ግን አልተንቀሳቀሱም። ዛሬ 30 ቀናቸው ስለሆነ ከፍቼ አየኋቸው። ሁለቱ ትንንሽ ሆነው የቀሩ ናቸው፣ አንዷ ግን ሙሉ ሆና ጭንቅላቷ በቀጭኑ ጫፍ በኩል ነበር። አልቅሻለሁ። ጓሮ ቀብሬያቸዋለሁ።

የቢሾፍቱዋ፣ ከሁለት ቀን በኋላ

አይዞሽ እህቴ። በቀጭኑ ጫፍ የዞረች በእናትም ስር ብዙ ጊዜ አትወጣም፣ የአየር ክፍሉ ጋር አትደርስማ። ሁለቱ ትንንሾቹ ግን የእርጥበትና የሙቀት መለኪያሽን ጠይቂ ይላሉ። እነዚህ ማሽኖች የሚያሳዩት ቁጥር ብዙ ጊዜ አይታመንም። በትንሽ ክዳን ላይ ጨው አድርጊ፣ ሊጥ እስኪመስል ብቻ ውሃ ጠብ አድርጊበት፣ ከመለኪያው ጋር በታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ አሳድሪው። ጠዋት እርጥበቱን 75 ማሳየት አለበት። 68 ካለ ሰባቱን ሁልጊዜ ትጨምሪያለሽ።

ለሚቀጥለው ደግሞ ስታስገቢ በኩሽና ሚዛን መዝኚያቸው፣ እየጻፍሽ። 80 ግራም የነበረ እንቁላል በ25ኛው ቀን 70 አካባቢ ቢሆን ደህና ነው። ብዙ ካልቀነሰ እርጥበቱ በዝቷል፣ በጣም ከቀነሰ ደርቋል። በ25ኛው ቀን ማገላበጡን አቁሚ። ማሽኑ ለዶሮ 21 ቀን ተሞልቶ ስለሚመጣ እሱን አትመኚው፣ የራስሽን ቀን ቁጠሪ። መስኮቪ የሚሉት፣ ፊቱ ላይ ቀይ ሥጋ ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ 35 ቀን ነው፣ እሱን ሰው በ28 ቀን ሞተ ብሎ ይጥለዋል። የወጡት ደርቀው ቁጭ ቢሉም ሌሎቹ እየበሱ ከሆነ አትክፈቺ። እስከ አንድ ቀን ሙሉ እዚያው መቆየት ይችላሉ።

አባ ገበሬ፣ ከሁለት ቀን በኋላ

ልጄ፣ ያቺ ያወጣሻት እንዴት ናት? እግሯ ቆመ ወይ?

ጀማሪዋ፣ ከሦስት ቀን በኋላ

አባቴ፣ ፕላስተሩን ዛሬ ጠዋት ፈታሁላት። መጀመሪያ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቁጭ አለች። ከዚያ እህቶቿ ወደ ውሃው ሲሮጡ ተነስታ ተከተለቻቸው። ቀኝ እግሯ ትንሽ ወደ ውስጥ ይላል ግን ትሮጣለች። ከአምስቱ ለይቼ የማውቃት በእሱ ነው።